አንድ ኩሽኔታና መቶ ፈረሱላ ቡና

«አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው የአባቶች ተረት የተነገረው ስለ ወጥ ቤት ነው። ይሁን እንጂ ምሳሌነቱ ለወጥ ቤት ብቻ አይደለም። በርበሬዋን ሳትመጥን የደቆሰች ወይዘሮ ከምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣ እንደምታዝን ሁሉ፥ ትናንት በቀላሉ ሊገዛው ይችል የነበረውን የመኪና ዕቃ ዛሬ አጥቶ ከቆመው መኪናው አጠገብ የሚያዝን ባለ ፋብሪካም አለ። የዛሬው ጽሑፋችን የሚናገረው ስለዚህ ሁለተኛው ሰው ነው።

በአንድ የኅዳር ወር ምሽት ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኝ አንዲት አነስተኛ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተገኝተን ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ገበሬዎች ቀይ እሸት ቡናቸውን በጀርባቸውም በአህያም እያመጡ በሚዛኑ ፊት ተሰልፈዋል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን መፈልፈያው መኪና ተነሣ። ገና ግማሹን ሳይፈለፍል ግን የብረት ፉጨት የሚመስል ድምፅ አሰማ፤ ጥቂት ጢስ ታየ፤ ከዚያም ዝም አለ። መካኒኩ ባትሪውን ይዞ ገባና የዘንጉ ኩሽኔታ ተሰባብሮ አገኘው።

ወጣቱ የሒሳብ ሠራተኛ ወደ ግምጃ ቤቱ ሮጠ። በዕድሜ የገፉት ዕቃ ጠባቂ መቆለፊያውን ከፍተው ፋኖሱን ከፍ አደረጉለት።

«ጋሼ፥ ኩሽኔታ የለንም እንዴ?»

«አለን እንጂ ልጄ። ካርዱ ላይ ‹ኩሽኔታ፥ ትልቅ፤ 4› ይላል። አራቱም እነሆ አሉ። የዚህ መኪና ግን አይደሉም።»

በዚያ ግምጃ ቤት ውስጥ ከተሸጠ ብዙ ዘመን ያለፈው የጭነት መኪና ጎማዎች፥ የደረቁ የቀለም ቆርቆሮዎችና በሣጥን የሞሉ የዛጉ ብሎኖች ተከማችተው ነበር። የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም የሚፈለገው። መካኒኩ ሌሊቱን ነግቶለት ወደ ጅማ ወረደ፤ ከዚያ ስላላገኘ ወደ አዲስ አበባ ቀጠለ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ተመለሰ። በነዚህ ሁለት ቀኖች ውስጥ ከሚዛኑ ፊት የተሰለፉት ገበሬዎች ቡናቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ተመዝኖ የገባውም እሸት በክምሩ ውስጥ መሞቅና መሽተት ጀመረ። የዕቃው ዋጋ ግን ሦስት ሺህ ብር እንኳ አይሞላም ነበር።

ይህን ያየ ሰው «መጥፎ ዕድል ነው» ሊል ይችላል። እኛ ግን ዕድል አይደለም እንላለን። ኩሽኔታ ከሠራ በኋላ ማርጀቱ፥ ቺንጋ ከዞረ በኋላ መበጠሱ፥ የመዳብ ዲስክ ከፈለፈለ በኋላ ጥርሱ መላላጡ እንደ ክረምትና በጋ የታወቀ ነገር ነው። ያልታወቀው ቀኑ ብቻ ነው። ቀኑ የማይታወቅ ነገር ሲመጣ መከላከያው አስቀድሞ ማሰብ ነው።

ቡና አይጠብቅም

በሌላ ሥራ ላይ ያለ ሰው፥ ለምሳሌ የብረት በር የሚሠራ፥ መኪናው ሁለት ቀን ቢቆምበት ብረቱ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ቀይ እሸት ቡና ከተለቀመ በኋላ በዚያው ዕለት፥ ቢበዛ ከ8 እስከ 12 ባለው ሰዓት ውስጥ መፈልፈል አለበት። ከዚያ ካለፈ ሥጋው በራሱ መፍላት ይጀምርና ሽታው ወደ ፍሬው ይዘልቃል። በቅምሻ ጊዜ አንዲት የገማች ፍሬ የአንድ ሲኒ ጣዕም ለማበላሸት ትበቃለች።

በእርግጥ የመጨረሻ መውጫ አለ። ያልተፈለፈለውን እሸት በፀሐይ አድርቆ ጀንፈል ማድረግ ይቻላል። የጅማ ቡና በዓለም ገበያ ይበልጡን የሚታወቀው ሳይታጠብ በፀሐይ ደርቆ በሚቀርበው ዐይነት ሲሆን፥ የዚህ አካባቢ የታጠበ ቡና ደግሞ በሊሙ ስም ይጠራል። ነገር ግን ለመታጠብ ተብሎ በታጠበ ቡና ዋጋ የተገዛ እሸት፥ ያውም ሞቆ ካደረ በኋላ ወደ ጀንፈል ሲመለስ ዋጋው መውረዱ አይቀርም።

ጉዳቱን በቁጥር እንመልከተው። ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ወደ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወርዳል። አንዲት ጣቢያ በከፍተኛው የለቀማ ወቅት በቀን 10,200 ኪሎ እሸት ትቀበላለች ብንል፥ ይህ 1,700 ኪሎ ንጹሕ ቡና ማለት ነው። ፈረሱላው 17 ኪሎ ስለሆነ ልክ 100 ፈረሱላ ይሆናል። ቡናው ሳይታጠብ በመቅረቱ በኪሎ 30 ብር ብቻ ቢያጎድል፥ የአንዱ ቀን ጉዳት 51,000 ብር፥ የሁለቱ ቀን 102,000 ብር ነው። እነዚህ አኀዞች ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። አንባቢ የራሱን ጣቢያ ቁጥር በቦታቸው አግብቶ ሊሞክረው ይችላል። የሚያገኘው ውጤት ግን ከዚህ እጅግ የራቀ አይሆንም።

ስለ ጣቢያው ብቻም መናገር አይገባም። ተራውን ሲጠብቅ የተመለሰው ገበሬ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስመዘግበው፥ ዕዳውንም የሚከፍለው በዚያ ገንዘብ ነው። በማግሥቱ ለቀማውን ያቆማል፤ የበሰለው ፍሬም ከዛፉ ላይ ይረግፋል። እንግዲህ አንዲት ሦስት ሺህ ብር የማትሞላ ብረት የስንቱን ቤት እንደ ነካች ማስተዋል አያዳግትም።

ስሙ ቁጥሩ ነው

«መለዋወጫ» የሚለው ቃላችን ራሱ ታሪክ ይናገራል። አንዱን አውጥቶ በቦታው ሌላውን ማግባት፥ ማለዋወጥ፥ የሚቻለው ሁለቱ በመጠን ፍጹም አንድ ሲሆኑ ነው። በጥንት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ እያንዳንዱ ጠመንጃ አንጥረኛው በእጁ እየሞረደ ያገጣጠመው ስለ ነበረ የአንዱ ቁራጭ ለሌላው አይሆንም ነበር። በ1785 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦኖሬ ብላን የተባለው ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ የጠመንጃ መቀጣጠያ ቁርጥራጮችን ለይቶ በየክምሩ አስቀመጠ። በዚያን ጊዜ በፓሪስ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቶማስ ጄፈርሰንም ከየክምሩ እንዳገኘ እያነሣ ቢገጣጥማቸው ሁሉም በትክክል ገጠሙለት። ጄፈርሰን በነገሩ ተደንቆ ወደ አገሩ ጻፈ። የዛሬው የፋብሪካ ሥራ ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ከዚህ የተነሣ ዛሬ በማንኛውም ኩሽኔታ ላይ የተቀረጸው ቁጥር በዓለም ሁሉ አንድ ቋንቋ ነው። 6205 የሚል ቢሆን የመጨረሻዎቹን ሁለት አኀዞች በ5 ስናበዛ 25 ይሆናል፤ ይኸውም የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የውጭ ስፋቱ 52፥ ውፍረቱም 15 ሚሊ ሜትር ነው። 6206 ከሆነ ቀዳዳው 30 ሚሊ ሜትር ነው። በቺንጋም ላይ «ቢ 68» የሚል ተጽፎ ቢገኝ፥ «ቢ» የጀርባውን ስፋት 17 ሚሊ ሜትር መሆኑን፥ 68 ደግሞ የውስጥ ርዝመቱን በኢንች ይናገራል። ዕቃውን የሠራው ስዊድናዊም ሆነ ጃፓናዊ ወይም ቻይናዊ ቁጥሩ አይለወጥም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ የማያስወጣ ሥራ ነው። ደብተርና እርሳስ ይዞ መኪናውን ከላይ እስከ ታች መዞር፥ የእያንዳንዱን ኩሽኔታ፥ ቺንጋ፥ ፑሌጃ፥ ጓርኒሲዮንና ማጥለያ ቁጥር መጻፍ፥ ስንት እንደ ሆነና በየት በኩል እንደሚገኝ ማመልከት ነው። «ኩሽኔታ፥ ትልቅ» የሚል ጽሕፈት ግምጃ ቤቱን ሞልቶ ሥራውን ባዶ ያስቀራል። ያን ምሽት አራት ኩሽኔታ ያለው ጣቢያ አንድ ኩሽኔታ ያጣው ከዚህ የተነሣ ነበር።

የነፍስ ዕቃ የትኛው ነው?

ዝርዝሩ ከተጻፈ በኋላ ሁሉን ለመግዛት መቸኮል አይገባም። የትንንሽ ድርጅቶች ገንዘብ ውስን ነው፤ ያውም በቡና ወራት ገንዘቡ ሁሉ ወደ እሸት መግዣ ይሄዳል። በመደርደሪያ ላይ የተኛ ዕቃ ደግሞ የተኛ ገንዘብ ነው።

በ1951 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፎርድ ዲኪ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሰው ዕቃዎችን በሦስት መደብ መክፈል እንደሚገባ ጽፎ ነበር። ጥቂቶቹ ዕቃዎች ብዙውን ገንዘብ ይይዛሉ፤ ብዙዎቹ ደግሞ ጥቂቱን ይይዛሉ፤ ስለዚህ ጥበቃውም እንደየደረጃው ይሁን ማለት ነው። ይህ መልካም ምክር ነው። ለጥገና ዕቃ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም የአንድ ዕቃ ዋጋና የአንድ ዕቃ ጥቅም አንድ አይደሉም። ሦስት ሺህ ብር የማይሞላው ኩሽኔታ በዋጋው ቢመደብ ከመጨረሻው መደብ ይገባ ነበር፤ ያቆመው ግን ጣቢያውን በሙሉ ነው።

ስለዚህ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይኸውም «ይህ ቢሰበር መኪናው ይቆማል?» የሚል ነው። የሚያቆመውን የነፍስ ዕቃ እንበለው። ሥራውን ሳያቆም የሚያጓድለውን አስፈላጊ ዕቃ፥ ለጊዜው በሽቦም በገመድም ሊያዝ የሚችለውን ደግሞ ተራ ዕቃ እንበለው። በአንዲት ትንሽ ጣቢያ የነፍስ ዕቃዎች ሲቈጠሩ ብዙ ጊዜ ከሁለት እጅ ጣቶች የሚበልጡ አይደሉም፤ የዘንጉ ኩሽኔታዎች፥ ቺንጋዎቹ፥ የውሃ መግፊያው ጓርኒሲዮን፥ የሞተሩ የናፍታ ማጥለያ፥ የመፈልፈያው ዲስክና የመሳሰሉት ናቸው።

የሒሳቡ ሚዛን

አሁን ወጣት አንባቢዎቻችን እርሳሳቸውን እንዲያነሡ እንጠይቃለን። አንድን ዕቃ በግምጃ ቤት ለአንድ ዓመት ማቆየት ያስወጣል። በዕቃው ላይ የታሰረው ገንዘብ ወለድ፥ የቤቱ ኪራይ፥ ዝገቱ፥ መጥፋቱ ሁሉ ሲደመር ከዋጋው 20 በመቶ ይሆናል ብለን እንያዝ። እንግዲህ የ3,000 ብሩን ኩሽኔታ ማቆየት በዓመት 600 ብር ያስወጣል። አለመኖሩ ያስከተለው ጉዳት 102,000 ብር መሆኑን ከዚህ በላይ አይተናል። 102,000ን ለ600 ስናካፍል 170 እናገኛለን። ትርጉሙም ይህ ነው፤ ያ ኩሽኔታ በ170 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰበር ቢሆን እንኳ ገዝቶ ማስቀመጡና አለማስቀመጡ እኩል ይሆናል። ኩሽኔታ ደግሞ ያን ያህል ዕድሜ የለውም። በዚህ ላይ ክርክር ሊነሣ አይችልም።

ይህ ሒሳብ ሁሉን ግዛ የሚል መስሎ እንዳይታይ ሁለተኛ ምሳሌ እንጨምር። ዋጋው 150,000 ብር የሆነ፥ በ10 ዓመት አንድ ጊዜ የሚሰበር የጥርስ ዘንግ አለ እንበል። በአዲስ አበባ ገበያ ስለሚገኝ ቢሰበር የሚያስቆመን ሁለት ቀን ነው። ማቆየቱ በዓመት 30,000 ብር ያስወጣል፤ የሚያድነን ጉዳት ግን የ102,000 ብር አንድ ዐሥረኛ፥ ማለት 10,200 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ዕቃ ለብቻ ማስቀመጥ ገንዘብ መቅበር ይሆናል።

ነገር ግን ዐሥር ጎረቤት ጣቢያዎች ተስማምተው አንዱን ዘንግ በጋራ ቢገዙ የእያንዳንዱ ድርሻ በዓመት 3,000 ብር ይሆንና ነገሩ ይገለበጣል። ከ10,200 ብር ጉዳት በ3,000 ብር መዳን ብልኅነት ነው። በእርግጥ በአንድ ሳምንት ሁለት ጣቢያዎች ቢሰበርባቸው አንዱ መጠበቁ አይቀርም፤ ስለዚህ ዘንጉ በወጣበት ዕለት ምትኩ መታዘዝ አለበት። ለዚህ ሥራ የጅማ አካባቢ የተመቸ ነው። በአጋሮና በጎማ ዙሪያ የሚገኙት የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተመሳሳይ መኪና ያላቸው ከመሆናቸውም በላይ እንደ ካታ ሙዱጋ ባለ ዩኒየን የተሳሰሩ ናቸው። ከነዚህ መካከል ስሙ በኦሮምኛ ብልጽግናን የሚያመለክተው ዱሮሚና በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ወጥቶ እንደ ነበረ አይዘነጋም። ጣዕሙን ያስገኘው የአፈሩና የዛፉ ጸጋ ነው፤ ጸጋው ሳይበላሽ ሲኒው ድረስ እንዲደርስ ያደረገው ግን በሰዓቱ የሠራ መኪናና በሰዓቱ የተገኘ እጅ ነው።

አሁን ደግሞ ሦስተኛውን ምሳሌ እንመልከት። ያ የጥርስ ዘንግ በአዲስ አበባ የማይገኝ ቢሆንስ? በአገራችን ካሉት መፈልፈያዎች አንዳንዶቹ በስኮትላንድ ከተማ በአበርዲን በማኪነን ፋብሪካ ንድፍ የተሠሩ፥ ሌሎቹም ውሃ ቆጣቢዎቹ የፔናጎስ መኪናዎች ከኮሎምቢያ የመጡ ናቸው። ከዚያ የሚታዘዝ ዕቃ ባሕር አቋርጦ ጅቡቲ ይደርሳል፤ በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያም በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ የጊቤን ቆላ ወርዶና ወጥቶ፥ ሶኮሩንና ሰርቦን አልፎ፥ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅማ ይደርሳል። እስኪመጣ 40 የለቀማ ቀኖች ቢያልፉ ጉዳቱ 2,040,000 ብር ነው። የዚህ አንድ ዐሥረኛ 204,000 ብር ሲሆን የማቆየቱ ወጪ ግን ያው 30,000 ብር ነው። እንግዲህ ያው ዕቃ፥ ያው ዋጋ፥ ያው ዕድሜ ሆኖ ሳለ፥ የመንገዱ ርዝመት ብቻ ፍርዱን ለወጠው። ከዕቃው ዋጋ ይልቅ የሚመጣበትን ጊዜ ጠይቁ የምንለው ስለዚህ ነው።

የገንዘብ ምንዛሪም የዚህ መንገድ አንዱ ክፍል ነው። ለብዙ ዓመታት አስመጪዎች የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት በባንክ ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚህም ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲታሰብ ተወደደ። አስቀድሞ የነፍስ ዕቃውን ያስቀመጠ ሰው በዚያ ጊዜ በሰላም አደረ።

ስንት እንግዛ? መቼስ እንዘዝ?

እስከ አሁን የተናገርነው ስለማይታወቅ ስብራት ነው። በየቀኑ የሚያልቅ ዕቃ ግን ሌላ ሕግ አለው። በጅማ ከተማ ብረት የሚበይዱ፥ የታወቀውን የጅማ በርጩማና ሌላውን የእንጨት ዕቃ የሚሠሩ፥ እህል የሚፈጩ ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች አሉ። እነዚህ ሁሉ ኤሌክትሮድ፥ ኮላ፥ ብርጭቆ ወረቀት፥ ግራሶ ይፈጃሉ።

አንድ የብየዳ ቤት በዓመት 360 ፓኮ ኤሌክትሮድ ይፈጃል፤ አንዱ ፓኮ 360 ብር ነው፤ አንድ ጊዜ ሄዶ መግዛት 1,000 ብር የጉዞ ወጪ ያስወጣል እንበል። ባለቤቱ ገንዘብ እንዳይታሰርበት ብሎ 10 10 ፓኮ ቢገዛ በዓመት 36 ጊዜ ይመላለሳል፤ ጉዞው ብቻ 36,000 ብር ይፈጅበታል። «ከመመላለስ ልገላገል» ብሎ 360ውን በአንድ ጊዜ ቢገዛ ጉዞው 1,000 ብር ብቻ ይሆናል፤ ነገር ግን በአማካይ 180 ፓኮ ዓመቱን ሙሉ ስለሚቀመጥ፥ ማቆየቱ በፓኮ 72 ብር ሲታሰብ 12,960 ብር ያስወጣዋል።

በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ፎርድ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1913 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አግኝቶታል። የዓመቱን ፍጆታ በ2ና በአንድ ጉዞ ወጪ እናበዛለን፤ ያንን አንዱን ለማቆየት ለሚያስወጣው ገንዘብ እናካፍላለን፤ ከዚያም ዳግም ዘሩን እናወጣለን። 360 በ2 በ1,000 ሲበዛ 720,000 ነው፤ ለ72 ሲካፈል 10,000 ይሆናል፤ የዚህም ዳግም ዘር 100 ነው። እንግዲህ ባለ ብየዳ ቤቱ 100 100 ፓኮ ቢገዛ ጉዞው 3,600፥ ማቆየቱም 3,600፥ በድምሩ 7,200 ብር ይሆንለታል። ሁለቱ ወጪዎች እኩል የሆኑበት ቦታ የሚያንሰው ወጪ ያለበት ቦታ ነው።

መቼ ይዘዝ ለሚለው ደግሞ፥ በቀን 1 ፓኮ የሚፈጅ ቤት፥ ዕቃው በ10 ቀን የሚደርስለት ከሆነ፥ ለድንገተኛ ነገር ሌላ 10 ጨምሮ 20 ፓኮ ሲቀረው ማዘዝ አለበት። ይህን ለመጠበቅ ብዙ ጽሕፈት አያስፈልግም። 20ውን ፓኮ በተለየ ከረጢት አስሮ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ከረጢቱ የተፈታ ዕለት ትእዛዙ ይጻፋል።

አንዳንድ ወጣቶች ስለ ጃፓኑ ቶዮታ አንብበው «ክምችት ሁሉ ብክነት ነው» ሲሉ እንሰማለን። ታኢቺ ኦኖ የተባለው የቶዮታ መሐንዲስ በአሜሪካ ሱፐር ማርኬቶች ሥርዓት ተመርቶ፥ ዕቃ በተነሣ መጠን ብቻ የሚተካበትን የካርድ ዘዴ ማደራጀቱ እውነት ነው። ዳሩ ግን ያ ዘዴ የተመሠረተው አቅራቢው ቅርብ፥ መንገዱም የታመነ በሆነበት ስፍራ ነው። ቶዮታ ራሱ ከ2011ዱ የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የኤሌክትሮኒክ ቺፕ አቅራቢዎቹ ለወራት የሚበቃ ክምችት እንዲይዙ አድርጓል። ዘዴን መዋስ መልካም ነው፤ ያለ መንገዱ መዋስ ግን ዝናብ በሌለበት አገር ጃንጥላ እንደ መግዛት ነው።

የግምጃ ቤቱ ወራት

የቡና አገር የራሱ ዘመን አቆጣጠር አለው። መኪናው ከጥቅምት እስከ ጥር ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ይተኛል። ብዙዎች መኪናው ሲተኛ አብረው ይተኛሉ፤ በመስከረም መጨረሻ ሲነቁ ሱቁ ሁሉ ወረፋ ነው፤ ቶርኖ ቤቱም እንደዚሁ።

አስተዋይ ገበሬ ሞፈር የሚቆርጠው ማረሻውን ጠምዶ አይደለም፤ አስቀድሞ ቆርጦ በቤቱ ያደርቀዋል። የጥንቱ የሕርማታ ገበያ ነጋዴም በቅሎውን ሲጭን ትርፍ ጠፍርና ወስፌ ሳይዝ አይነሣም ነበር። የጣቢያ ሥራ አስኪያጅም እንዲሁ ቢያደርግ መልካም ነው። በየካቲት፥ ስብራቱ ሁሉ ከመረሳቱ በፊት፥ ምን ስንት ጊዜ እንደ ተሰበረ ከመካኒኩ ጋር ተቀምጦ ይጻፍ። በመጋቢት መኪናው ተፈትቶ ይታይ፤ የቺንጋው ውጥረት ይላላ፤ የሚዝገው ግራሶ ይቀባ። ከባሕር ማዶ የሚመጣው በመጋቢት፥ ከአዲስ አበባ የሚመጣው በግንቦት ይታዘዝ፤ የገጠሩ መንገድ በሐምሌ ጭቃ ሳይዘጋ ዕቃው ጣቢያው ይግባ። በነሐሴና በመስከረም ይገጠም፤ ቡና ሳይገባም መኪናው በባዶው ተነሥቶ ይፈተን።

አቀማመጡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኩሽኔታ ከመጠቅለያው ሳይወጣ በደረቅ ስፍራ ይቀመጣል፤ ቺንጋ ከፀሐይና ከናፍታ ርቆ ይሰቀላል። በናፍታ በርሜል ላይ ሦስት ዓመት የተጣለ ቺንጋ አዲስ ቢመስልም አሮጌ ነው።

ለወጣቱ ሹም

በመጨረሻ ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል እንጨምራለን። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ዕቃ በሞዴል 19 እንደሚገባ፥ በሞዴል 20 እንደሚጠየቅ፥ በሞዴል 22 እንደሚወጣ ያውቃል። ይህ ሥርዓት ንብረት እንዳይጠፋ ጠብቋል፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ነገር ግን ሞዴል 22 ትናንት የወጣውን ይናገራል እንጂ ነገ የሚያስፈልገውን አይናገርም። ይህን የሚናገረው ቢን ካርዱ ነው፤ እርሱም ቁጥሩ ተጽፎበት፥ «ይህን ያህል ሲቀር እዘዝ» የሚለው መስመር ሳይሞላ ካልቀረ ነው። በቆጠራ ጊዜ «ጎደለ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ይህ ዕቃ የማን መኪና ነው? መኪናውስ ዛሬ አለ ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ የተሸጠ መኪና ጎማ ቦታውን ለኩሽኔታው በለቀቀ ነበር።

በጅማ እንዲህ ያለውን ትምህርት ለመስጠት መሠረቱ ቀድሞ ተጥሏል። የእርሻ ትምህርት ቤቱ በ1952 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተከፍቶ ኋላ ከጤናው ተቋም ጋር የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የመልኮ የምርምር ማዕከልም ስለ ቡናው ዛፍ ብዙ ሠርቷል። ዛፉ የሚገባውን ጥናት ካገኘ መኪናውም ድርሻውን ሊያገኝ ይገባል። አንድ ተማሪ በዕረፍቱ ወራት በአካባቢው ወዳለች ጣቢያ ሄዶ የአንዲቱን መኪና ክፍሎች በቁጥራቸው ቢጽፍ፥ ይህ ሥራ ለመመረቂያ ከሚጻፍ ብዙ ጽሑፍ ይልቅ ፍሬ ያፈራል። አንድ ወጣት የኅብረት ሥራ ሹምም የዐሥር ጣቢያዎችን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጎ ቢያስተያይ የጋራው ግምጃ ቤት በግማሽ ተሠራ ማለት ነው።

ያን ምሽት ከጣቢያዋ ስንወጣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከረጢታቸውን መልሰው በአህያቸው ሲጭኑ አይተናል። ማንንም አልተቆጡም፤ «ነገስ ይሠራል?» ብለው ብቻ ጠየቁ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም፤ የሚያውቅ አልነበረምና። የግምጃ ቤት ሥራ ሁሉ ዓላማው ለዚህ ለአንድ ጥያቄ በእርግጠኝነት «አዎን፥ ይሠራል» ብሎ ለመመለስ መቻል ነው።